የጳጉሜን ደመወዝ

በጤዛ በር ከተማ ጥገቶች ለግጦሽ የሚሰማሩት ወደ ሰማይ ነው። ጎሕ ሲቀድ ከገደሉ አፋፍ ይፈታሉ፤ ነጫጭ ሆዳቸውን እያወዛወዙ ያለ አንዳች ድምፅ ወደ ላይ ይንሳፈፋሉ፤ ደመናውን ግጠው፣ ጉሙን መጥጠው፣ ቀትር ሲሆን ውኃ አዝለው እየከበዱ ይመለሳሉ። ያን ጊዜ በየቤቱ ያለው ቧንቧ ሁሉ በአንድነት ይንሾካሾካል። ጥገት የሚሏት የደመና መርከብን ነው። ምንጭ ከደረቀ ወዲህ የተወለደው ትውልድ የምታጠጣውን መርከብ በሌላ ስም ሊጠራት አልቻለም።

እማዋይሽ የጥገት ሸራ ሰፊ ነበረች። ሸራው ከአየር ይቀልላል፤ ለቅጽበት ከለቀቁት ብድግ ብሎ ጣሪያ ላይ ይለጠፋል። ስለዚህ ሰፊዎቹ ጫፉን በድንጋይ ተጭነው ነው የሚሰፉት። በጥር ወር አንድ ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ የአንዲት ጥገት ሆድ ተቀዶ ስትጥፍ በግራ እጇ ያለው ወዝ ቆጣሪ ሁለት ጊዜ ነዘራት።

ወዝ ቆጣሪ የገለባ ያህል የቀጠነ አንባር ነው። የለበሰው ሰው ስንት ጊዜ እንዳጎነበሰ፣ ምን ያህል እንዳነሣ፣ ልቡ ስንት እንደ መታ እየቆጠረ ወደ መዝጋቢው ይልካል። መዝጋቢው ደግሞ አካል የሌለው፣ የአንድ ሺህ ጸሐፊ ሥራ ብቻውን የሚሠራ ማሽን ነው። በጤዛ በር ደመወዝ የሚከፈለው በሰዓት አይደለም፤ በምርትም አይደለም፤ በድካም ልክ ነው። የከተማይቱ ሰዎች በዚህ ይመኩ ነበር።

አንባሩ በለሰለሰ ድምፅ እንዲህ አላት። «የታረመ የደመወዝ መግለጫ መጥቷል። የሠራተኛው ስም፤ ልሳነወርቅ። የታረመው ዘመን፤ ያለፈው ዓመት። በሠላሳ ቀን ውስጥ ግብር አዳራሽ ቀርበው ቃልዎን ይስጡ። ዝም ካሉ እርማቱን እንዳልተቀበሉት ተቆጥሮ የፊተኛው ይጸናል።»

እማዋይሽ ድንጋዩን ከሸራው ላይ አነሣች፤ ለምን እንዳነሣችው አላወቀችም። ሸራው ከጭኗ ተነሥቶ ቀስ እያለ ወደ ጣሪያው ሄደ፤ እርስዋም አንጋጣ ቀረች። ልሳነወርቅ ባሏ ነው። ከሞተ አምስተኛ ወሩን ይዟል።

በእያንዳንዲቱ ጥገት ላይ አንድ ሰው ጠባቂ ሆኖ ይወጣል። ማሽኑ ሁሉን ያደርጋል፤ ነፋስ ሲያኮርፍ የሚያውቀው ግን ሰው ነው። ልሳነወርቅ ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ ሥራ ኖረ። ባለፈው ነሐሴ ሃያ ዘጠኝ ቀን መብረቅ የጥገቲቱን መሪና የንግግር መሥመር መታው። ከዚያ ወዲያ ድምፁ አልተሰማም። አንድ ቀን ሙሉ ፈለጉት፤ ደመናው ጥቅጥቅ ብሎ ነበርና አላገኙትም። መስከረም አንድ ቀን መዝጋቢው የልሳነወርቅን ልብ ቢያዳምጥ ዝም ብሎ አገኘው። ያለፈውን ወር ደብተር ገልጦ የመጨረሻዋን ቀን አየና «የሥራው ፍጻሜ፤ ነሐሴ ሠላሳ» ብሎ ጻፈ። ጥገቲቱን ነፋስ ወደ ባሕሩ ወሰዳት፤ አስከሬን አልተመለሰም። እማዋይሽ ከነሐሴ ሠላሳ ቆጥራ ጥቅምት ሦስት ቀን አርባውን አወጣች። በኅዳርም የመጨረሻ ዓመት ግብሩን በስሙ አሳወቀችለት። ነገሩ ሁሉ ያበቃ መስሏት ነበር።

ግብር አዳራሹ ክብ ነው፤ ጣሪያውም መስተዋት። የሚያልፉት ጥገቶች ጥላ በወለሉ ላይ እንደ ዓሣ ይዋኛል። አስረጂው ማንያዘዋል ይባላል፤ ዕድሜው ወደ አርባ የተጠጋ፣ በግብር ሰሞን እንኳ ቀልድ የማያልቅበት ሰው ነው።

«እንደ ምን ዋሉ እትዬ እማዋይሽ! ደግሞ ምን አጠፋንብዎ?»

«የጠፋብኝስ እኔ ነኝ። ይህን አንብብልኝ፤ ፊደሉ እንደ ጉንዳን እየሄደ አስቸገረኝ።»

ማንያዘዋል መዳፉን በጠረጴዛው ላይ ሲያሳልፍ ሦስት የብርሃን ዓምዶች ተነሡ። «ይኸው። የፊተኛው፣ የታረመው፣ ልዩነቱ። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሁለቱን ይደምርና በእጥፍ ያሳውቃል። ባለፈው ሳምንት አንዱ ደምሮ ደምሮ፣ 'ለካ ሀብታም ነኝ' ብሎ በግ ገዛ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እኔ አስረዳሁት፤ በጉ ግን ተበልቶ ነበር።» ሳቀ። «የታረመው ሲመጣ የፊተኛው ይሻራል እትዬ። እኛ የምንነጋገረው ስለ ልዩነቱ ብቻ ነው። ልዩነቱ ደግሞ...»

ሳቁ በአፉ ላይ ቀረ። ዓምዱን አንድ ጊዜ አነበበ፤ ደግሞ አነበበ።

«ታዲያ ስንት ነው?»

«ስድስት ቀን ነው።»

«የምን ስድስት ቀን?»

«ጳጉሜን» አለ ማንያዘዋል።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በዚህ አገር የወር ደመወዝ ከጥንት ጀምሮ በዓመት አሥራ ሁለት ጊዜ ነው የሚከፈለው፤ ጳጉሜን ደመወዝ የላትም። መዝጋቢውን የሠሩት ሰዎችም የአባቶቻቸውን ልማድ አስተማሩት። ስለዚህ በየዓመቱ ነሐሴ ሠላሳ ደብተሩን ይዘጋል፤ መስከረም አንድ ይከፍታል። በመካከሉ ከየአንባሩ የሚመጣው ቁጥር ሳይነበብ ይከማቻል። ዘንድሮ አንድ አዲስ መርማሪ «ይህ ሁሉ ክምር ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀና መዝጋቢው ያንን እንዲያነብ ታዘዘ። ያለፈው ዓመት ዘመነ ሉቃስ ስለ ነበረ ጳጉሜን ስድስት ሆና ነበር። ከተማው በዓል ላይ ስለ ሰነበተ ብዙው ቁጥር የዋዛ ነበር። አንድ አንባር ግን ስድስቱንም ቀን ያለ ማቋረጥ ደክሞ ተገኘ።

«ልሳነወርቅ...» አለች እማዋይሽ። «በሕይወት ነበር?»

«ነበረ፣ እትዬ። ጳጉሜንን በሙሉ።»

ወንበር ሳበላት፤ ተቀመጠች። የአንዲት ጥገት ጥላ በእግሮቿ ላይ ቀስ ብሎ አለፈ።

በጤዛ በር ሕግ ቃል ሰጪ የማያውቀውን ነገር «እውነት ነው» እንዳይል፣ መዝጋቢው እያንዳንዱን የሥራ ቀን በራሱ በቃል ሰጪው አንባር ላይ ያሰማዋል። የአንዱ ሰው ድካም በሌላው እጅ ላይ በስሱ ይነዝራል። ማንያዘዋል የመጀመሪያዪቱን ቀን ሲነካ በእማዋይሽ እጅ ላይ ልብ መምታት ጀመረ። ዝግ ያለ፣ የምታውቀው ልብ። ሃያ ሁለት ዓመት ጆሮዋን አስጠግታ የሰማችው ልብ ነው። ከዚያም ዝቅ አለ፤ ተነሣ። ዝቅ አለ፤ ተነሣ። ዓይኗን ጨፈነች፤ አዳራሹ ከሥሯ የጠፋ፣ እርስዋም ከእርሱ ጋር በነጭ ጉም መካከል የተንሳፈፈች መሰላት።

ማንያዘዋል የመዝጋቢውን ጽሑፍ ያነባል። «ወድቆ መነሣት። ብዛት፤ አርባ አንድ። ምርት፤ የለም። ያዘዘው፤ የለም።» ራሱን አከከ። «ጎንበስ ቀና የሚለው ዕቃ ለማንሣት ነው ብሎ ገምቶታል። ዕቃው ግን ክብደት የለውም። በቀን ሰባት ጊዜ፣ ሁልጊዜ አርባ አንድ። ምን ይሆን የሚያነሣው?»

እማዋይሽ ዓይኗን አልገለጠችም። «ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀን ላይስ ይኸው ወድቆ መነሣት አለ?»

«ኧረ የለም! እንዴት አወቁ? ሁለተኛው ላይ 'ቆሞ መዋል' ነው የሚለው።»

«ቅዳሜና እሑድ ነበሩ። በሰንበት አይሰገድም።» እንባዋ በፈገግታዋ ላይ ወረደ። «ዕቃ አይደለም ልጄ። እግዚኦ እያለ ነው።»

ማንያዘዋል ሳያስበው ከመቀመጫው ተነሣ። አርባ አንዱን እግዚኦታ እርሱም በልጅነቱ በአያቱ ጎን ቆሞ ቆጥሮታል፤ በየመካከሉ እየተሳሳተ።

«ሦስተኛውን አንብብ» አለችው።

«ሦስተኛው ሌላ ነው። 'የእጅ መዘውር ማዞር። ዘጠኝ ሰዓት። ምርት፤ ዝናብ። ስፍራ...'» ቆመ። «ስፍራ፤ ጤዛ በር። ከከተማው በላይ።»

ጳጉሜን ሦስት ቅዱስ ሩፋኤል ነው፤ ርኅወተ ሰማይ የሚባለው፣ የሰማይ ደጆች ይከፈቱበታል የተባለለት ቀን። በዚያች ዕለት ማንም ያልጠበቀው ዝናብ ከጠዋት እስከ ማታ ወርዶ ነበር። ከተማው በሙሉ ወጥቶ ተጠመቀበት። ልጆች ራቁታቸውን እየዘለሉ «ሩፋኤል አሳድገኝ» አሉ። እማዋይሽም ጸጉሯን ፈትታ በጣሪያዋ ላይ ቆማ ነበር፤ ባሌን መልስልኝ እያለች።

ማንያዘዋል ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ። «የጥገቲቱ መሪ ተሰብሯል። ውኃ አዝላ ከብዳለች። እየወረደች ነበር ማለት ነው፤ በቤቶቻችን ላይ። ብትወድቅ እርሱ ምናልባት ይተርፍ ነበር፤ ከሥሯ ያለው ሰፈር ግን አይተርፍም። ውኃውን በእጁ እያዞረ ሲያፈስሰው ቀለለች፤ ተመልሳም ወጣች።» ወደ መስተዋቱ ጣሪያ ቀና ብሎ አየ። «ሁላችን ዝናቡን አየን። ደመናውን ያየ የለም።»

ስድስተኛው ቀን ሲነካ ልቡ በእጇ ላይ እየደከመ መታ። አርባ አንድ፤ ከዚያ ደግሞ አርባ አንድ። ሦስተኛው ዙር ላይ ዐሥራ ሰባት ሲደርስ ዝቅ አለ። አልተነሣም።

በዚህ ጊዜ መዝጋቢው ራሱ ከጠረጴዛው ተናገረ፤ ድምፁ ጨዋ ነበር። «ወይዘሮ እማዋይሽ፣ መሥመሮቹን 'እውነት ነው' ካሉ የስድስቱ ቀን ደመወዝ የአደጋ ጊዜ ተብሎ በሦስት እጥፍ ይታሰባል፤ ግብሩ ተቀንሶ ይከፈልዎታል። 'እውነት አይደለም' ካሉ የፊተኛው መግለጫ ይጸናል፤ ፍጻሜውም ነሐሴ ሠላሳ ይሆናል።»

«ለጸሎቱ ነው የምትከፍሉኝ?»

«ለድካሙ ነው። ድካም ሁሉ ይከፈልበታል፤ የከተማው ሕግ ነው።»

«ደመወዙን ትተህ ቀኑን ብቻ ጻፍልኝ።»

«ደመወዝ የሌለው የሥራ ቀን በደብተሬ የለም። ቀኑና ክፍያው አንድ መሥመር ናቸው።»

እማዋይሽ ማንያዘዋልን አየችው፤ እርሱም ትከሻውን ነቀነቀ። «ይውሰዱት እንጂ እትዬ። ደግሞስ የእርሱ ላብ አይደለም?»

«ስግደቱን ሽጬ በላሁ ልበል? እንቢ ካልሁ ደግሞ በገዛ አፌ ስድስት ቀን አስቀድሜ ልግደለው?» ነጠላዋን ሰብስባ ተነሣች። «መቃብር የለውም፤ ልጅ አልወለድንም። ያለው ቀኑ ብቻ ነው፣ ማንያዘዋል። እርስዋን እንኳ በሐሰት አላስጽፍበትም።»

የንስሐ አባቷን መምሬ ኅሩይን በቤተ ክርስቲያኑ ዐፀድ፣ የገደሉ አፋፍ ላይ፣ በፀሐይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ የሚያልፉትን ጥገቶች ግን በፊታቸው ላይ በሚወድቀው ቅዝቃዜ እየለዩ ይቆጥሯቸዋል።

«ዐሥራ አራተኛዪቱ አለፈች» አሉ። «ማን ነሽ? ወለተ ሐና ነሽ? አረማመድሽ ዛሬ ከብዷል።»

በክርስትና ስሟ ሲጠሯት መስቀሉን ተሳልማ ሁሉን ነገረቻቸው። በመጨረሻም፣ «አባቴ፣ አርባውን በማይሆን ቀን አወጣሁበት። ጥቅምት ሦስት አልነበረም፤ ጥቅምት ዘጠኝ ነበር» አለች።

መምሬ ኅሩይ በጣቶቻቸው አንጓ ላይ ቆጠሩ። «ዘጠኝ ነው፤ አልተሳሳትሽም። ደግሞ ሳትማሪ ባሕረ ሐሳብ ገባሽ!» ፈገግ አሉ። «እግዚአብሔር ቀን የሚያሰላው በእኛ ጣት መሰለሽን? የተላከ ጸሎት በመንገድ አይበላሽም። ስድስት ቀን ቀድሞ ደርሶ በደጅ ሆኖ ጠበቀው፤ ይኸው ነው።»

«ደመወዙንስ? ተቀብዬ ለቤተ ክርስቲያን ብሰጠውስ?»

«የጸሎት ዋጋ ይዘሽ የማንን ደጅ ልታንኳኪ ነው? ሲሞን መሠርይ ጸጋን በገንዘብ ሊገዛ ቢመጣ ጴጥሮስ ምን እንዳለው ታውቂያለሽ። ሻጩ ከገዢው አይሻልም።»

«እንግዲያ ምን ላድርግ? ቀኑን ከክፍያው ለይቼ አልጽፍም አለኝ።»

አረጋዊው ቆይተው፣ የሩቅ ነገር እንደሚያስታውሱ ሆነው ጠየቁ። «ልሳነወርቅ በፍልሰታ ሱባኤ ሲገባ ሥራውን እንዴት ያደርገው ነበር? አሥራ ስድስት ቀን ከእኔ ዘንድ አይጠፋም ነበርና።»

«በየዓመቱ ከአለቃው ያለ ደመወዝ ፈቃድ...»

ቃሏን አልጨረሰችም። መምሬ ኅሩይ ፊታቸውን ወደ ሰማይ መልሰው፣ «ዐሥራ አምስተኛዪቱ አለፈች» አሉ።

በማግስቱ ማንያዘዋል ሰምቶ አፉን ያዘ። «ለሞተ ሰው ፈቃድ?»

«በሕይወት ሳለ ላለፉት ቀኖች ነው የምጠይቅለት። ታሞ የሰነበተ ሰው ሲድን ወደ ኋላ ፈቃድ ይጠይቅ የለም?»

«ይጠይቃል። ወራሽም ይጠይቃል። ፈቃድ ላይ ያለ ሰው በደብተሩ በሕይወት ይጻፋል፤ ደመወዝም የለበትም።» መደነቁ በፊቱ ላይ ሰፋ። «እኔ በዚህ ወንበር አሥራ አንድ ዓመት ተቀምጬ እንዴት አልታየኝም? የሦስተኛው ቀንስ? እርሱ እንኳ ጸሎት አይደለም፤ ሥራ ነው።»

«ሰው በፈቃዱ ቀን ለጎረቤቱ ውኃ ቢቀዳ ደመወዝ ይጠይቃል?»

ማንያዘዋል ሊጽፍ ጀመረና እጁን መለሰ። ወደ እርስዋ ጎንበስ አለ። «እትዬ፣ ይህን የምነግርዎ እንደ አስረጂ አይደለም። ስድስቱ ቀን የሥራ ቀን ከሆነ፣ አሠሪው የጥገቶች ማኅበር 'ሠራተኛህን ለምን ከአንድ ቀን በላይ አልፈለግህም' ተብሎ ይጠየቃል። ከጣሪያችን በላይ ነበረ እኮ! ፈቃድ ላይ ነበር ካሉ ግን፣ ፈቃድ የወጣን ሰው ማን ይፈልገዋል? በነጻ ለቀቋቸው ማለት ነው።»

እማዋይሽ ይህን አላሰበችውም ነበር። ተቆጣች፤ ጣቶቿ አንባሩን አጥብቀው ያዙት። ብትከስስ ትረታለች፤ ሸንጎውም ከተማውም ያዝንላታል። በዓይነ ሕሊናዋ ግን እርሱ በነጩ ጉም ውስጥ ሲወድቅና ሲነሣ ታያት።

«እግዚኦ መሐረነ» አለች ቀስ ብላ። «አርባ አንድ ጊዜ 'ማረን' ሲል እኔንና ራሱን ብቻ ማለቱ አልነበረም። ያልፈለጉትንም ጨምሮ ነው። እርሱ የለመነላቸውን እኔ ልክሰሳቸው?»

«እነርሱ እኮ...»

«አንተ በዚያ ቀን የት ነበርህ?»

ማንያዘዋል ዓይኑን ሰበረ። «ከልጆቼ ጋር። ዝናቡ ውስጥ።»

«እኔም እንዲሁ። ማሽኑንም ጳጉሜንን ተኛ ያልነው እኛው ነን።» ቀና ብላ ተቀመጠች። «በነጻ ግን አልለቃቸውም። ፈቃድ ውል አይደለም?»

«ውል ነው። ጠያቂው አንድ ቃል ሊያስገባበት ይችላል።»

«እንግዲያስ ጻፍ። መዝጋቢው ከእንግዲህ ወዲያ በጳጉሜን አይተኛ። ድካም አይቁጠር፤ ደመወዝም አያስብ። በየቀኑ ግን ሰውን ሁሉ በስሙ እየጠራ 'አለህ?' ይበል። ያልመለሰ ቢኖር፣ እስኪገኝ ድረስ ከተማው ሁሉ ሥራዬ ብሎ ይፈልገው።»

መዝጋቢው ጠየቀ። «ደመወዝ የሌለበትን ቀን ስለ ምን እጠብቃለሁ?»

«ደመወዝ ስለሌለበት ነው።»

«ምርት የለውም፤ ክፍያም የለውም። ሰውን 'አለህ?' ብሎ መጠየቅ ምን ዓይነት ሥራ ይባላል? በየትኛው ዓምድ ልጻፈው?»

እማዋይሽና ማንያዘዋል ተያዩ። «ስሙን እኛም ገና አልተማርነውም» አለችው። «ዓምድ እስኪገኝለት እንዲሁ አድርገው።»

የማኅበሩ አለቆች ዘጠኝ ቀን ተከራከሩ። አንደኛው ሰው ሞኝነቷን እያደነቀ፣ ሁለተኛው እያፈረ፣ ሁሉም ፈረሙ። እማዋይሽ በሃያ ሰባተኛው ቀን መጥታ ቃሏን ሰጠች። ስድስት ጊዜ «እውነት ነው» አለች፤ በየመሥመሩም እጇ ላይ ልቡ መታላት። በደብተሩ እንዲህ ተጻፈ። «ከጳጉሜን አንድ እስከ ጳጉሜን ስድስት፤ ያለ ደመወዝ ፈቃድ። ምክንያት፤ ሱባኤ። ፍጻሜ፤ ጳጉሜን ስድስት።»

ማንያዘዋል ሦስተኛውን ዓምድ አነበበ። «ልዩነቱ ባዶ ሆነ። የሚጨመር ግብር የለም፤ የሚመለስም የለም።» ዓምዱን በመዳፉ አጠፋ። «በሥራ ዘመኔ እንዲህ የከበደ ባዶ አጋጥሞኝ አያውቅም።»

ክረምቱ መጣ፤ አለፈ። ጳጉሜን አንድ ቀን ሲነጋ ጤዛ በር እንደ ወትሮው ደብተሩን ዘግቶ ነበር። እማዋይሽ በጣሪያዋ ላይ ወጥታ የታጠበ ነጠላዋን ስታሰጣ፣ ጎረቤቶቿም እንዲሁ በየጣሪያቸው ቆመው አየች። አንዳንዱ እጁን ለዓይኑ ጥላ አድርጎ ወደ ላይ ያያል። ምን እንደሚፈልግ ቢጠየቅ የሚመልሰው ያለው አይመስልም፤ ብቻ ያያል። ጥገቶቹ በብርሃኑ ውስጥ እንደ ሕልም ይንሳፈፋሉ።

መዝጋቢው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በጳጉሜን ነቃ። የጳጉሜን ደብተር አዲስ ነው፤ እስካሁን አንድ ሰው ብቻ ተጽፎበታል። ስለዚህ ጥሪውን ከላይ ጀመረ። የወራሹ አንባር የእማዋይሽ ነውና ድምፁ በእርስዋ እጅ ላይ ተሰማ።

«ልሳነወርቅ፣ አለህ?»

ነጠላው ከእጇ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ስሕተት ነው፣ ዝለለው ልትል ትችል ነበር፤ ማሽኑም ፍጻሜውን ያውቃል፤ ራሱ ነው የጻፈው። ግን ጠርቶ ይጠብቃል። አንድም ነገር ሳይቆጥር፣ አንድም ነገር ሳያስብ፣ ዝም ብሎ ይጠብቃል።

እማዋይሽ አንባሩን ወደ አፏ አስጠጋችው።

«አለ» አለች።

መዝጋቢው እንዲህ ያለ መልስ አልተማረም። ቆየ። ከዚያም፣ «ተጽፏል» አለና ሁለተኛውን ስም ጠራ።